ጠርዙ ላይ ያለው ብርሃን

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ምሽት የክፍሌን መብራት አጠፋሁና፣ ከአሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ ያወጣኋትን አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ በንጹሕ የመስታወት ቁራጭ ላይ በሙጫ አጣብቄ፣ ከክፍሉ አንድ ጫፍ በቀይ የሌዘር ብርሃን አበራሁባት። ጨረሩ ሰፋ ብሎ ኳሷን በሙሉ እንዲያለብሳት ከሌዘሩ ፊት ትንሽ ሌንስ አስቀምጬ ነበር። የኳሷ ጥላ በማዶው ግድግዳ ላይ ክብ ሆኖ ወደቀ። ኳሷ ድፍን ብረት ስለሆነች ብርሃን በውስጧ አያልፍም፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ መጨለም የነበረበት የጥላው መካከል ነው። ነገር ግን እዚያው እምብርቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ታበራ ነበር። ዐይኔን አላመንኩም፤ ግድግዳው ላይ ቆሻሻ ይሆናል ብዬ በጣቴ ጠረግሁት። ከዚያ መስታወቱን በጥንቃቄ ትንሽ ወደ ግራ ሳንቀሳቅሰው ጥላው ወደ ግራ ሄደ፤ ነጥቧም አብራው ሄደች።

ይህን ሙከራ የሠራሁት ጊዜ ለማሳለፍ ብዬ አልነበረም። ላለፉት በርካታ ዓመታት ሐሳቤን የያዘው አንድ ጉዳይ አለ፦ የሩቅ ከዋክብትን ብርሃን እየጋረደ፣ በዙሪያቸው የሚዞሩትን ፕላኔቶች ቴሌስኮፕ በቀጥታ እንዲያያቸው የሚያደርግ መንኩራኩር። ባለሙያዎቹ ስታርሼድ ይሉታል፤ እኔ እዚህ የኮከብ ከለላ እለዋለሁ። ስለዚህ መንኩራኩር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማብራሪያ፣ ፀሐይ ዐይናችንን ስትወጋን እጃችንን ግንባራችን ላይ አድርገን አሻግረን እንደምናየው ማለት ነው የሚል ነው። ማብራሪያው አልተሳሳተም፤ ከባዱን ነገር ግን ይሰውራል። ብርሃንን መጋረድ ማንኛውም ድፍን ነገር የሚችለው ሥራ ነው። ችግሩ በእውነት የጨለመ ጥላ መሥራት ነው፤ ጥላውን የሚያበላሸው ደግሞ የጋራጁ አካል ጠርዝ ነው።

መጀመሪያ ግን ይህን ያህል ጨለማ ለምን እንደሚያስፈልግ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮር እና ዲዲየ ኬሎ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የሚዞር የመጀመሪያውን ፕላኔት ካገኙ ወዲህ የታወቁት ፕላኔቶች ቁጥር በ2025 ከ6,000 አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ አብዛኞቹን ማንም አይቷቸው አያውቅም። መኖራቸው የታወቀው ኮከባቸውን በስበታቸው ትንሽ ሲያወዛውዙት፣ ወይም በፊቱ ሲያልፉ ብርሃኑን በጥቂቱ ሲቀንሱት ነው። በቀጥታ ፎቶ የተነሡት ጥቂቶቹ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከ2008 ጀምሮ ኤች አር 8799 በተባለው ኮከብ ዙሪያ የታዩት፣ ከጁፒተር የሚበልጡ፣ ወጣትና ከአፈጣጠራቸው ሙቀት ገና ያልቀዘቀዙ ግዙፎች ናቸው። ምድርን የምታህል፣ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ፣ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ በሚችልበት ርቀት የምትዞር ፕላኔት ምስል እስካሁን የለንም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የብርሃን ልዩነት ነው፦ በዐይን በሚታየው ብርሃን ፀሐይ ከምድር ወደ 10 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ትደምቃለች። ሁለተኛው ቅርበት ነው። የእኛን ሥርዓት 33 የብርሃን ዓመት ከሚሆን ርቀት ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በፀሐይና በምድር መካከል የሚያየው ክፍተት የአንድ ዲግሪ 36,000ኛ ክፍል ነው። ይህን ማዕዘን በእጅ በሚዳሰስ ነገር ልተካው ብዬ አስልቼ ነበር፤ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከ160 ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረው ስፋት ነው። በዚያች ክፍተት ውስጥ 10 ቢሊዮን ጊዜ የሚደምቀውን አጥፍቶ ሌላኛውን ማስቀረት ያስፈልጋል። ፕላኔቷ ራሷ የምትልከው ብርሃን ደግሞ ከመጠን በላይ ትንሽ ነው፤ 4 ሜትር ስፋት ያለው የቴሌስኮፕ መስታወት እንኳ ከእርሷ በደቂቃ የሚለቅመው ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶችን ብቻ ነው። ከኮከቡ ሾልኮ የሚገባ ኢምንት ብርሃን እነዚህን ያሰጥማቸዋል።

አንደኛው መፍትሔ ጋራጁን በቴሌስኮፑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ በ1930ዎቹ መባቻ የፀሐይን ኮሮና፣ ማለትም በዙሪያዋ ያለውን ደካማ የብርሃን አክሊል፣ ያለ ግርዶሽ ለማየት የፈጠረው ኮሮናግራፍ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ዛሬም ብዙ ባለሙያዎች የሚደክሙት በዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የኮከቡ ብርሃን ከመጋረዱ በፊት ዋናውን መስታወት ይነካል፤ በመስታወቱ ላይ ያለች ማንኛዋም ጉድለት ብርሃኑን ትበትነዋለች፤ በመሆኑም የቴሌስኮፑ አካል እጅግ በረቀቀ መጠን ሳይንቀሳቀስና ሳይለጠጥ መቆየት አለበት። የኮከብ ከለላ ሐሳብ ደግሞ የኮከቡ ብርሃን መስታወቱን ጨርሶ አይንካው የሚል ነው። ከለላው ሌላ መንኩራኩር ሆኖ ከቴሌስኮፑ እጅግ ርቆ ይቆምና ቴሌስኮፑን በጥላው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፕላኔቷ ከኮከቡ በጥቂቱ ወደ ጎን ስለሆነች ብርሃኗ በከለላው ጠርዝ አጠገብ አልፎ ይደርሳል። እኔን የሳበኝ ይህ ግልጽነቱ ነው፦ ቴሌስኮፑ ተራ ቴሌስኮፕ ሆኖ ይቀራል፤ ከባዱ ሥራ በሙሉ ወደ አንድ ቅርጽ ይዛወራል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1962 በጽሑፍ ያቀረበው ላይማን ስፒትዘር ነው፤ በኅዋ ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይቀመጥ ብሎ ገና በ1946 የተከራከረው ያው ሰው። ስፒትዘር ወዲያውኑ የተረዳው ነገር ክብ ሳህን እንደማይበቃ ነው። ምክንያቱ በእኔ ግድግዳ ላይ የታየችው ቀይ ነጥብ ናት።

የነጥቧ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ኦጉስታን ፍሬኔል ብርሃን ሞገድ ነው የሚል ጽሑፍ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ሲሜዮን ፑዋሶን ብርሃን የቅንጣት ጅረት ነው ከሚሉት ወገን ነበር፤ የፍሬኔልን ስሌት ወስዶ እስከ መጨረሻው ገፋውና፣ ይህ እውነት ከሆነ በክብ ሳህን ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት፣ ይህ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው ሲል ደመደመ። ሌላው ዳኛ ፍራንሷ አራጎ ግን ከመፍረድ በፊት እንሞክረው ብሎ ትንሽ ክብ ሳህን አዘጋጀና ነጥቧን አያት። ሽልማቱ ለፍሬኔል ሆነ። ሞገድ ጠርዝ ሲነካ ይታጠፋል፤ የክብ ጠርዝ ነጥቦች ሁሉ ደግሞ ከመካከሉ እኩል ርቀት ላይ ስለሆኑ፣ ከዙሪያው ሁሉ የታጠፉት ሞገዶች መሀል ላይ እኩል ደርሰው ይደጋገፋሉ። ክቡ ይበልጥ ፍጹም በሆነ ቁጥር ነጥቧ ይበልጥ ትጠራለች። ቴሌስኮፕ የሚቆመው ደግሞ በትክክል እዚያ መካከል ላይ ነው።

መውጫው ጠርዝን ማጥፋት ነው። ከለላው በድንገት ከጥቁር ወደ ባዶ ባይሻገርና ከመካከሉ ወደ ውጭ ቀስ በቀስ እየሳሳ ቢሄድ፣ ከዙሪያው የሚታጠፉት ሞገዶች መካከል ላይ ከመደጋገፍ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ይሁን እንጂ በዚህ መጠን በትክክል እየሳሳ የሚሄድ፣ ብርሃንን ግን ሳይበትን የሚያሳልፍ ቁስ የለም። ስለዚህ መሳሳቱ በቅርጽ ይተካል፦ ከመካከል ወደ ውጭ በሄድን ቁጥር ድፍኑ ክፍል እየጠበበ፣ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሥዕሉ ሲጠናቀቅ የሱፍ አበባ ይመስላል፤ መሀሉ ድፍን ክብ፣ ዙሪያው ደግሞ እየሾሉ የሚሄዱ የአበባ ቅጠሎች። እ.ኤ.አ. በ2006 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ዌብስተር ካሽ ይህ የአበባ ቅርጽ ሊሠራ በሚችል መጠን ምድርን የሚያህሉ ፕላኔቶችን ለማየት እንደሚበቃ በስሌት አሳየ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሮበርት ቫንደርባይ እና ጄረሚ ካስዲን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቅጠሉን በኮምፒዩተር እያሰሉ፣ የትኛው መስመር በትንሽ መጠን ከፍተኛውን ጨለማ እንደሚሰጥ ፈለጉ። ይህን ቅርጽ መጀመሪያ በሥዕል ሳየው ለውበት የተጨመረ ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን አንድ እኩልታ ጠርዝ ሆኖ ተቆርጦ ይታየኛል።

ወደ ሥራው ስንመጣ ቁጥሮቹ ያስደነግጣሉ። በ2019 የተጠናቀቀው ሃብኤክስ የተባለው የናሳ ጥናት ያቀደው ከለላ ከቅጠል ጫፍ እስከ ቅጠል ጫፍ 52 ሜትር ሲሆን፣ ባለ 4 ሜትር መስታወት ካለው ቴሌስኮፕ 76,600 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ምድርን ስድስት ጊዜ ደርድረን የምናገኘው ርቀት ነው። ርቀቱ የግድ የሆነው ከለላው ኮከቡን ሸፍኖ ፕላኔቷን እንዳይሸፍን በጣም ጠባብ ሆኖ መታየት ስላለበት ነው። ነገር ግን ራቅ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ጥላው እየታጠፈ ለመግባት ቦታ ስለሚያገኝ፣ ከለላው በዚያው ልክ መግዘፍ አለበት። መጠኑ የሚወሰነው በእነዚህ በሁለቱ ግፊቶች መካከል ነው።

52 ሜትር የሆነ ነገር ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ሜትር በሆነ የሮኬት አፍንጫ ውስጥ ታጥፎ መግባት አለበት። በካሊፎርኒያው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የተሠራው ንድፍ መካከለኛውን ክብ ኦሪጋሚ በተባለው የጃፓን የወረቀት አስተጣጠፍ ጥበብ እምብርቱ ላይ እየጠመዘዘ ይጠቀልለዋል፤ ቅጠሎቹም በዙሪያው እንደ ጥቅል ምንጣፍ ይጠመጠማሉ። አስተጣጠፉን በወረቀት ሞክሬዋለሁ። አንዴ መስመሮቹ በትክክል ከተሰመሩ ወረቀቱ ራሱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል፤ ጫፎቹን ሳብ ሲያደርጉት ሙሉው ክብ በአንድ እንቅስቃሴ ይዘረጋል። የእኔ ወረቀት ሲዘረጋ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ማንም አያስተውለውም። በከለላው ላይ ግን የየቅጠሉ ጠርዝ ቅርጽ ከታሰበው መስመር ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ በታች ብቻ ነው እንዲዛነፍ የሚፈቀድለት፤ ቅጠሎቹም ከተዘረጉ በኋላ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ባነሰ ስሕተት ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። ቅጠል ሜትሮች የሚረዝም መሆኑን ሳስብ ይህ ትክክለኛነት ከአእምሮዬ በላይ ይሆንብኛል።

ሌላም ጠላት አለ፤ የራሳችን ፀሐይ። በቴሌስኮፑ በኩል ያለው የከለላው ፊት በጨለማ ውስጥ እንዲቆይ ፀሐይ ከወዲያ ማዶ፣ በኮከቡ በኩል ባለው ፊት ላይ ማብራት አለባት። በዚህ ጊዜ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ወደ ቴሌስኮፑ ይነጥራል። ይህን ለመቀነስ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ቀጭን ብረት ይሆናል፤ ጫፉ በሰላ ቁጥር ብርሃን የሚያንጸባርቅበት ፊት ያንሳል። ጨርቁም ቢሆን አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ በኅዋ ውስጥ በሚወነጨፉ ደቃቅ ድንጋዮች ይበሳል፤ ስለዚህ ብዙ ጥቁር ንብርብሮች ክፍተት ተትቶላቸው ይደራረባሉ፤ ይህም በአንዱ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ቀጥ ብሎ በሌላው እንዳይወጣ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ክፍል ደረስሁ። በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መንኩራኩሮች ከኮከቡ ጋር በአንድ መስመር ሲቆሙ፣ ቴሌስኮፑ ከጥላው መካከል ከአንድ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥላው ራሱ ከቴሌስኮፑ መስታወት የሚሰፋው በጥቂቱ ነውና። አንድ ሜትር ወደ ጎን መንሸራተትን ከዚያ ርቀት ላይ በምን ይለኩታል? መልሱ የፑዋሶን ነጥብ ናት። የቅጠሎቹ ቅርጽ ጥላውን የሚያጨልመው ለተወሰነ የሞገድ ርዝመት ክልል፣ ማለትም ለተወሰኑ የብርሃን ቀለሞች ብቻ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ ያለው ብርሃን አሁንም ይታጠፋል፤ መካከል ላይም ደካማ ብሩህ ነጥብ ይሠራል። ቴሌስኮፑ ፕላኔት በሚፈልግበት የሞገድ ርዝመት ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ በሌላው የሞገድ ርዝመት ነጥቧ በመስታወቱ ላይ የት እንዳረፈች በትንሽ ካሜራ ያያል። ነጥቧ ወደ ግራ ከሸሸች ከለላው ወደ ግራ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከለላው ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ ይመለሳል። የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህ ዘዴ በሚፈለገው ትክክለኛነት እንደሚሠራ በቤተ ሙከራና በኮምፒዩተር ስሌት በ2019 አሳይተዋል። አንድን ሐሳብ ሊያፈርስ ተብሎ የቀረበ ስሌት፣ ከ200 ዓመት በኋላ ሁለት መንኩራኩሮችን የሚያገናኝ መሪ መሆኑን መጀመሪያ ባነበብኩ ቀን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ኳሷንና ሌዘሩን የፈለግሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በሙሉ መጠኑ በምድር ላይ መሞከር አይቻልም፤ 76,600 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ክፍል የለንም። ነገር ግን የጥላው ባሕርይ የሚወሰነው የከለላው ግማሽ ስፋት ለራሱ ተባዝቶ፣ ለርቀቱና ለሞገድ ርዝመቱ ብዜት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ሳይለውጡ ሁሉንም ማሳነስ ይቻላል። በፕሪንስተን ወደ 80 ሜትር የሚጠጋ ረጅም ቱቦ ተዘርግቶ፣ በሲሊከን ላይ የተቀረጸች፣ ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ከለላ ተሞከረችና የኮከቡ ተወካይ የነበረውን ብርሃን በሚፈለገው መጠን፣ 10 ቢሊዮን ጊዜ ለማደብዘዝ ቻለች። በኅዋ ላይ ደግሞ የአውሮፓ የኅዋ ድርጅት ፕሮባ-3 የተባሉትን ሁለት መንኩራኩሮች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከሕንድ አመጠቀ። አንደኛው 1.4 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ይዞ ከሌላኛው 150 ሜትር ርቆ ፀሐይን ይጋርዳል፤ በሌላኛው ላይ የሚወድቀው ጥላ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ይህን የሚያደርጉት በሚሊ ሜትር ትክክለኛነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ምስሎች በሰኔ 2025 ይፋ ሲሆኑ እኔ ያየሁት ኮሮናውን ብቻ አልነበረም፤ ሁለት የተለያዩ መንኩራኩሮች እንደ አንድ መሣሪያ መቆም መቻላቸውን ነው ያየሁት።

ቢሆንም ከለላው ከባድ ዋጋ አለው። ኮሮናግራፍ ያለው ቴሌስኮፕ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ለመዞር ፊቱን ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ከለላው ግን በቴሌስኮፑ ዙሪያ አሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህም ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል፤ ነዳጅም ይበላል። ነዳጁ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። የናሳ ቀጣይ ዕቅድ የሆነው ለመኖር የተመቹ ዓለማትን የሚፈልገው ታላቅ ቴሌስኮፕ በቅድሚያ ኮሮናግራፍን የመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ከለላውን ወደ ጎን መተው ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ፈላጊው ኮሮናግራፍ ይሁን፤ ፕላኔቷ ከተገኘች በኋላ ግን ብርሃኗን ዘርዝሮ ለማንበብ ከለላው ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰፊ የቀለም ክልልን በአንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ ከደካማው የፕላኔት ብርሃንም የሚያባክነው ጥቂት ነው። የሃብኤክስ ጥናትም ሁለቱን አጣምሮ ነበር ያቀደው። የኖቤል ተሸላሚው ጆን ማዘር የሚመራው ሌላ ቡድን ደግሞ 100 ሜትር ያህል የሚሰፋ ከለላ በምድር ዙሪያ እየዞረ፣ መሬት ላይ ለተተከሉት ግዙፍ ቴሌስኮፖች ጥላ እንዲጥል ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ከሁሉ የደፈረው ሐሳብ ነው፤ እኔም በጉጉት የምከታተለው እርሱን ነው።

ከዚያች አንዲት ነጥብ የሚነበበው ምንድን ነው? ፕላኔቷ በምስሉ ላይ ቅርጽ የላትም፤ አህጉርም ባሕርም አይታይባትም። ብርሃኗ በቀለም ሲዘረዘር ግን በ760 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ (ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የጎደለ ስንጥቅ ካለ ኦክስጅን አለ፤ በ940 አካባቢ ከጎደለ የውኃ ተን አለ፤ ከ330 በታች ያለው ከተቆረጠ ደግሞ ኦዞን። የእኛን ምድር ከሩቅ የሚያያት ቢኖር እነዚህን ሦስቱን ጉድለቶች ያነባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብርሃን በደቂቃ ጥቂት ቅንጣት እየሆነ ስለሚደርስ ቴሌስኮፑ በጥላው ውስጥ ብዙ ቀን መቆየት ሊኖርበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ከለላው መንሸራተት ሲጀምር በትንሽ ግፊት እየተመለሰ፣ ግፊቱ በሚሰጥበት ቅጽበት ደግሞ የሞተሩ ጢስ በፀሐይ ብርሃን ስለሚያበራ ካሜራው እየተዘጋ።

የመጀመሪያው ምስል ላይ የምትታየው ነጥብ ፕላኔት ስለመሆኗ ወዲያውኑ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በዚያው አቅጣጫ እጅግ ርቃ ያለች ደካማ ኮከብም ልክ እንደ እርሷ ትታያለች። ስለዚህ ከለላው ወደ ሌሎች ከዋክብት ይሄዳል፤ ከወራት በኋላም ያንኑ መንገድ ተጉዞ፣ ያንኑ ኮከብ ጋርዶ፣ እንደገና ይቆማል። በቅርብ ያለው ኮከብ በእነዚህ ወራት ውስጥ በሰማይ ላይ በጥቂቱ ተንቀሳቅሷል። ነጥቧ ባለችበት ከቀረች ከኋላ ያለች ሌላ ኮከብ ናት። ከኮከቡ ጋር አብራው ከሄደች ግን የእርሱ ናት።